ባንኮክን ማን ጠረጋት?

ባንኮክ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛ ይሞቃል። ሁለተኛ ርካሽ ነው። ሦስተኛውን የሚላችሁ ትንሽ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ሆኖ ነው፤ "ዋናው ታይላንድ ግን ባንኮክ አይደለም።" የት ነው ታዲያ ዋናው? አንዱ ደሴት ነው ይላል፣ ሌላው ተራራ፣ ሌላው ዝሆን የሚታጠብበት ወንዝ። ከነዙሪያዋ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ "ዋና" ሳትሆን፣ ፈረንጅ ሁለት ሳምንት ፀሐይ የሚሞቅበት አሸዋ "ዋና" የሆነበትን ሚዛን እኛ እስካሁን አላገኘነውም።

እንግዲህ ጠብ ፍለጋ ነው የመጣነው፣ ከወዲሁ እንናገር። ጠባችን ከታይላንዶች ጋር አይደለም። ከጎብኚው ጋር ነው፤ ከፈረንጁም፣ በቅርቡ ከተጨመረው ከኛው ጎብኚም ጋር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። ታይላንዶች በቡድሃ አቆጣጠራቸው ፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድሙታል፣ እኛ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገይበታለን። መሀል ላይ መገናኘት ይሻላል ብለን ነው።)

መጀመሪያ ስሟን እንጥራ። "ባንኮክ" የሚላት የውጭ ሰው ነው፤ የአገሬው ሰው ክሩንግ ቴፕ ይላታል፣ የመላእክት ከተማ እንደማለት። ሙሉ ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 168 ፊደል ሆኖ የዓለማችን ረጅሙ የቦታ ስም ተብሎ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀዳማዊ ራማ በ1782 መናገሻውን ከቻው ፕራያ ወንዝ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ አሻግሮ ሲመሠርታት የተሸከመችው ስም ነው። በአክሱምና በጎንደር ለምንኮራ ለኛ 1782 ትናንት ነው፤ ግን በዚህች "ትናንት" ውስጥ የሆነውን ሁሉ ካየን በኋላ ዕድሜ በመቁጠር መኩራራቱን ትንሽ ቀነስ አድርገናል።

ስለ ሌላው ስሟም አንዴ ተናግረን እንለፍ። አንድ ወንድ "ባንኮክ ነበርኩ" ካለ ጓደኞቹ ይጣቀሳሉ። ጥቅሻው ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ የለም። ሴተኛ አዳሪነት በታይላንድ ሕግ ከ1960 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በ1967 የታይላንድ መንግሥትና የአሜሪካ ጦር ተስማሙና ቬትናም ሲዋጋ የከረመው ወታደር ለእረፍት ወደ ታይላንድ ይጎርፍ ጀመር። ፓትፖንግ የሚባለው ሰፈር ዝናውን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሩ ወደ አገሩ ገባ፣ ወንበሩ ላይ ጎብኚው ተቀመጠበት። ገዢው ከባሕር ማዶ የመጣ ሆኖ ሳለ ነውሩ የከተማዋ ብቻ የሚሆንበት ሒሳብ አይገባንም። በቃ፣ አለፍን።

"ርካሽ ነው" የምትለዋ ቃል ላይ ግን ቆም ማለት አለብን፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ሳህን ሩዝ፣ ከተከተፈ ሥጋና ከባሲል ቅጠል ጋር፣ ላዩ ላይ ጠርዙ የተንጣጣ የእንቁላል ጥብስ ተጥሎበት፣ መንገድ ዳር 50 ወይም 60 ባት ነው። ፈረንጁ በአገሩ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እያሰላ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ "የማይታመን" ብሎ ይለጥፋል። ርካሽ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ምጣዱ ጋ የቆመችው ሴት ብዙ ጊዜ ኢሳን ከሚባለው ሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የመጣች ናት። ኢሳን ማለት የሩዝ ገበሬው አገር ነው፤ ከባንኮክ ሲነጻጸር ድሃ፣ ቋንቋው ወደ ላኦስ ያደላ፣ ዝናብ ሲከዳው ልጆቹን ወደ ዋና ከተማ የሚልክ። ታክሲ ነጂው፣ ቱክቱክ ነጂው፣ ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቆ ከባቡር ጣቢያ እስከ ሰፈር ውስጥ የሚያደርሳችሁ ባለሞተር፣ ብዙዎቹ የዚያ አገር ልጆች ናቸው። በሙቀጫ እየወቀጡ የሚያዘጋጁት የፓፓያ ሰላጣም፣ ሶም ታም የሚሉት፣ እነሱ ይዘውት የመጡት ነው። ሴትየዋ ጎህ ሳይቀድ ገበያ ወርዳለች። ጋሪዋን ራሷ ገፍታለች። የሱቅ ኪራይ የላትም። 50 ባት የሆነው በዚህ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ርካሽነት የለም።

ደግሞስ የምትሠራው ለማን ነው? ጎብኚው ለሱ የተዘጋጀ ትርኢት ይመስለዋል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛ ነው፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው፣ ሆስፒታል ሌሊት አድራ የምትወጣ ነርስ ናት። በባንኮክ ብዙው የኪራይ ክፍል ማድቤት የለውም። አልጋ አለ፣ መታጠቢያ አለ፣ በረንዳ አለ፤ ምድጃ የለም። ስለማያስፈልግ ነው፤ ማድቤቱ ደጅ ነው ያለው። መንገዱ ላይ። የከተማዋ ማድቤት የእግረኛ መንገዱ ነው ስንል ለማሳመር የተናገርነው አይደለም፤ በቁሙ ነው።

በዚህ ርካሽ ከተማ ውስጥ ጎብኚው መቼ እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ? ታላቁ ቤተ መንግሥት በር ላይ። ለውጭ ዜጋ 500 ባት፣ ለታይላንዳዊ በነፃ። "መድልዎ ነው!" ይላል፣ ቲኬት ቆራጯ ላይ ይጮሃል። ጊቢው ውስጥ ያለው እኮ የመረግዱ ቡድሃ ነው (መረግድ ይባል እንጂ ድንጋዩ ጄድ ነው)፣ ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ ወቅት ሲለወጥ ልብሱን የሚቀይሩለት፣ ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ የሚሰግድበት። ሰው ወደ ቤተ ጸሎቱ ለመግባት ቲኬት ይቁረጥ ነው የምትሉት? ላሊበላም የውጭ ዜጋ የሚከፍለውና አገሬው የሚከፍለው አንድ አይደለም፤ ይሄን ነውር ያለ ሐበሻ አልሰማንም። ጎብኚው 50 ባት የበላውን ርካሽ ብሎ፣ 500 ባት ሲከፍል ተዘረፍኩ ማለቱ ግን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ከተማዋ የሱ ዕዳ ያለባት ይመስለዋል።

እዚያው በር አካባቢ ጥሩ የለበሰ ሰውዬ ጠጋ ብሎ "ዛሬ ዝግ ነው፣ ልዩ ጸሎት አለ" ይላችኋል። እኛንም ብሎናል። ዝግ አይደለም፣ ክፍት ነው። ከሰውዬው ኋላ 20 ባት ብቻ የሚጠይቅ ቱክቱክ ብቅ ይላል፣ አንድ ሁለት ቤተ መቅደስ ያዞራችኋል፣ ከዚያ "መንግሥት ለዛሬ ብቻ ቅናሽ ያደረገበት" የዕንቁ ሱቅ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊ ቤት። ሌብነት ነው፤ አናሽሞነሙነውም። ግን የጉዞ መጽሐፍ ሁሉ ስንት ዓመት ሲጽፈው የኖረ ማጭበርበር እንዴት ገበያው አይቀዘቅዝም? መልሱ ቀላል ነው። ጎብኚው ሌላው ያላየውን፣ ለሱ ብቻ የተቀመጠውን፣ ያንኑ "ዋናውን ታይላንድ" የሚያሳየው ሰው ሲጠብቅ ነው የመጣው። ይኸው መጣለት።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንግባ። ከተማዋን በሙሉ አንዞርም፤ አንድ መንገድ ላይ ብቻ እንቁም።

ሴን ሴብ የሚባል ቦይ አለ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ፊታችሁ ላይ እንዳይረጭ በሸራ ትከለላላችሁ። ግን መንገዱ በመኪና በተዘጋበት ሰዓት የቦዩ ጀልባ ታክሲውን ጥሎት ይሄዳል፣ በጥቂት ባት። ሒሳብ ተቀባዩ ሄልሜት አድርጎ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ እየተራመደ ነው ገንዘብ የሚሰበስበው፤ ድልድይ ሲመጣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ እሱም አብሮ ጎንበስ ይላል። የኛን ወያላ ያስቀናል። በምዕራብ በኩል የመጨረሻዋ ወደብ ፓን ፋ ትባላለች። እዚያ ወርዳችሁ ቀና ስትሉ ነጭ ምሽግ ታያላችሁ፣ ማሃካን የሚሉት። ቀዳማዊ ራማ ከተማዋን በግንብ ሲያጥር 14 ምሽግ አሠርቶ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ አንዱ ይህ ነው። ከምሽጉ ቀጥሎ፣ በአሮጌው ግንብና በቦዩ መሀል፣ አንድ የሣር ሜዳ አለ። ንጹሕ ነው። ተከርክሟል። ጎብኚው ምሽጉን ፎቶ አንስቶ፣ ሜዳውን በጨረፍታ አይቶ፣ "ደስ ይላል፣ ጸጥ ያለ ነው" ብሎ ያልፋል።

ጸጥ ያለው ሰዎቹ ስለተባረሩ ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ ፖም ማሃካን የሚባል ሰፈር ነበረ። ሦስት መቶ ያህል ሰው፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር የተጠጋጉ የእንጨት ቤቶች። የወፍ ማኖሪያ ሳጥን እየጠረቡ የሚተዳደሩ ነበሩ፣ ከሸክላ የባሕታዊ ምስል የሚሠሩ፣ ለግጥሚያ የሚሆን አውራ ዶሮ የሚያሳድጉ፣ ርችት የሚሸጡ፣ ተራ ምግብ አብስለው የሚሸጡ። በ1992 የከተማው አስተዳደር ቦታው ለመናፈሻ ይፈለጋል፣ ልቀቁ አላቸው። እምቢ አሉ። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ እምቢ አሉ! ያውም እምቢ ብለው ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። "እኛው እንጠብቀው፣ አሮጌዎቹን ቤቶች እናድሳቸው፣ የቀረውን መሬት መናፈሻ አድርጉት" ብለው ዕቅድ ነድፈው አቀረቡ። የታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎችና የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ደገፏቸው። ማይክል ሄርዝፌልድ የሚባለው የሀርቫርድ አንትሮፖሎጂስት ዓመታት ተመላልሶባቸው በ2016 ስለነሱ መጽሐፍ አሳተመ። አልጠቀመም። በግንቦት 2014 ወታደሮቹ ሥልጣን ያዙ፣ በ2016 ቤቶቹን ማፍረስ ተጀመረ፣ በሚያዝያ 2018 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ወጡ።

ለምን? ቅርሱ በደንብ እንዲታይ። ግንቡ እንዳይከለል። ሰው እንዲናፈስ፣ ጎብኚ አረፍ እንዲል። በሌላ አነጋገር ለናንተ ሲባል ነው፣ እናንተ ባለ ካሜራዎች። አልጠየቃችሁም፣ እናውቃለን። በስማችሁ ነው የተደረገው ግን። ግንቡን ጠብቀው ያኖሩት ሰዎች ግንቡን ያበላሻሉ ተብለው ወጡና አሁን ግንቡ ሰው በሌለበት ሣር ላይ ቆሞ "ቅርስ" ይባላል። የቆየ ድንጋይ ቅርስ ሲሆን የቆየ ሰው ለምን ቆሻሻ እንደሚሆን የሚያስረዳን የቅርስ ባለሙያ ካለ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አሳዛኝ ታሪክ ብለን በተውነው ነበር። ከዚያው ሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ግን፣ እዚያው መሃ ቻይ መንገድ ላይ፣ ረጅም ሰልፍ ታያላችሁ። ጎብኚ ነው የተሰለፈው። ጄይ ፋይ የሚሏት አዛውንት ወጥ ቤት ናት ያሰለፈቻቸው፤ የዘይት ፍንጣሪ እንዳያቃጥላት የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርጋ በከሰል እሳት ላይ የሸርጣን ኦምሌት የምትጠብስ። ሙያዋን አንነካም፤ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ፊት የቆመች ሴት ናት፣ ያገኘችው ይገባታል። በታኅሣሥ 2017 ሚሼሊን የተባለው የፈረንሳዮች መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንኮክ ገብቶ አንድ ኮከብ ሰጣት። የኦምሌቷ ዋጋ ከ1,000 ባት በላይ ነው። (ቤቷ በር ያለው ሱቅ ነው እንጂ ጋሪ አይደለም፤ "የመንገድ ምግብ" መባሉ ግን ገበያ ያደምቃል።) መመሪያው ባንኮክ የመጣው በነፃ እንዳይመስላችሁ፤ የታይላንድ ቱሪዝም ባለሥልጣን ለአምስት ዓመት 140 ሚሊዮን ባት ገደማ መድቦለት ነው።

ያው 2017 ሌላም ነገር የሆነበት ዓመት ነው። ሲኤንኤን ባንኮክን የዓለም ምርጥ የመንገድ ምግብ ከተማ ብሎ በተከታታይ ሁለተኛ ዓመቱ ሲሰይማት፣ የከተማው አስተዳደር በሚያዝያ ወር መንገዶቹን ከምግብ ሻጮች እናጸዳለን ብሎ አወጀ። ያን ጊዜ ከተማዋን የሚያስተዳድረው በድምፅ የተመረጠ ሰው አልነበረም፤ የወታደሮቹ መንግሥት በ2016 የሾመው ነበር። ከዚያ በፊትም ጽዳቱ ተጀምሯል። ሱኩምቪት መንገድ ላይ ሶይ 38 የሚባለው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበላበት ሠፈር፣ ለኮንዶሚኒየም ቦታውን ለቆ ተበትኗል። ፓክ ክሎንግ ታላት በሚባለው የአበባ ገበያ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሻጮቹ በ2016 ተነስተዋል። ሥራውን የሚያስፈጽሙት እነሱ ቴሳኪት የሚሏቸው ናቸው፤ የኛ ደንብ አስከባሪ ማለት ነው። ጋሪ ሲነሳ፣ ዣንጥላ ሲታጠፍ፣ ሴት ስትሮጥ ያየ አዲስ አበቤ ትርጉም አያስፈልገውም።

የ2017ቱ አዋጅ ሲሰማ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጮኸ። ጎብኚው ደነገጠ። ባለሥልጣኖቹም ቶሎ ብለው አረጋጉ፤ ግድ የላችሁም፣ ያዋራትና ካዎ ሳን አይነኩም፣ እንዲያውም ይደራጃሉ አሉ። ያዋራት የቻይናዎቹ ሰፈር ነው፣ ማታ ማታ በቀይና በቢጫ መብራት የሚያብረቀርቀው። ካዎ ሳን ደግሞ የፈረንጅ ጀርባ ቦርሳ ተሸካሚዎች መንደር። ጎብኚው "ተመስገን፣ ተረፈልን" ብሎ ሹካውን አነሳ። ምን እንደተረፈ ግን አስተውሉ። የተረፈው ጎብኚ የሚበላበት ነው። የተጠረገው ነርሷና ጥበቃው የሚበሉበት ነው። መንገዱ ማድቤት መሆኑ ቀርቶ ትርኢት የሚሆንበት ዕለት ማለት ይህ ነው፤ ጎብኚውም አጨበጨበ።

ቀጥሎ የመጣውን ስሙ። በኅዳር 2018፣ ፖም ማሃካን በተባረረበት ዓመት መሆኑ ነው፣ በቻው ፕራያ ወንዝ ዳር አይኮንሳያም የሚባል ግዙፍ ሞል ተከፈተ። ምድር ቤቱ ላይ ምን ሠሩ? "ተንሳፋፊ ገበያ"! ከጣሪያ ሥር፣ በአየር ማቀዝቀዣ፣ ሰው ሠራሽ ውሃ ላይ የእንጨት ጀልባ አስቀምጠው፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ የመንገድ ምግብ ይሸጡበታል። ደጅ ሕገ ወጥ የነበረው ጋሪ ውስጥ ሲገባ ባህል ሆነ። ኪራይ ጀመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚመጣው። ዱሮ ባንኮክ የሚሄድ ሐበሻ ወይ ነጋዴ ነው ወይ ታማሚ። የአየር መንገዳችን አውሮፕላን በቀጥታ ይወስዳል፣ ነጋዴው ፕራቱናም ገበያ ልብስ በጅምላ ይጭናል፣ ታማሚው ሆስፒታል ይገባል። አሁን ሦስተኛ ዓይነት ተጨምሯል፣ "ለቫኬሽን" የሚሄደው። ይሄ ሰው ሳያም ፓራጎን ሞል ውስጥ ፎቶ ይነሳል፣ በ1999 በተከፈተው የሰማይ ባቡር ላይ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ሰገነት ላይ ቡና ቤት ወጥቶ የመብራቱን ባሕር ያሳየናል። ሲመለስ "አገር ማለት ያ ነው" ይላል። "ንጽሕናው! ሥርዓቱ!" በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ጉልት ቸርቻሪው፣ ጀብሎው፣ ሊስትሮው ከመንገድ ሲነሳ "ባንኮክን ብታዩ እንደዚህ አትሉም ነበር" ብለው የተሟገቱን እነዚህ ናቸው። ወንድሜ፣ ባንኮክን አንተ ነህ ያላየኸው! ያየኸው ሞል ነው፤ ሞል ዱባይም አለ፣ ቦሌም አለ።

ባንኮክን ያየ ሐበሻ ማን እንደሆነ እንንገራችሁ። አስታማሚው ነው። እናቱን ወይ ወንድሙን ሆስፒታል አስተኝቶ፣ የአንድ ቀን አልጋ ዋጋ በልቡ እያባዛ፣ ለራሱ ከሆስፒታሉ ካፍቴሪያ መብላት የማይደፍረው። ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ እንጀራ ቤት እንዳለ ያውቃል፣ ግን በየቀኑ አይሄድም፣ ይወደድበታል። ስለዚህ መንገድ ላይ ይበላል። በሦስተኛው ቀን ሻጯ ታውቀዋለች፣ በርበሬ ጨምሪ ሲል ደስ ይላታል። በጾም ጊዜ "ጄ" የምትለዋን ቃል ይማራል፤ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የሚጻፍ የታይ ፊደል ነው፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም ማለት ነው። ከኛ ይባስ ብለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይከለክላሉ። ቻይናዎቹ በዘጠነኛው የጨረቃ ወር የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ያን ጊዜ ያዋራት ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይለብሳል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው አስታማሚው ነው፣ አንድም ፎቶ ሳይለጥፍ። የ60 ባቱ ሳህን ሲጠረግ የሚራበውም እሱ ነው፣ ከነርሷ ጋር።

እርግጥ ተቃራኒው ክርክር አለ፣ ደካማም አይደለም። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ የባንኮክ የእግረኛ መንገድ መከራ ነው። ጠባብ ነው፣ ንጣፉ ይከዳል፣ ዝናብ ከዘነበ ረግጣችሁ ጭቃ ውሃ ይረጭባችኋል፣ መሀሉ ላይ የስልክ ምሰሶ ቆሟል፣ ምጣድ ፈልቶ በጉልበታችሁ ትክክል ይንጣጣል። ጋሪ ወንበር የሚገፋ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ አስቡት። የፈሰሰው ዘይት ቱቦ ይዘጋል፤ በዝናብ ወራት ለሚጥለቀለቅ ከተማ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚሉ የባንኮክ ነዋሪዎችን አንንቅም፣ መንገዱ የነሱ ነው። ግን ከጠበቡት መንገዶች ስንቱን ነው ያጠበበችው ሴትየዋ? ምሰሶውን እሷ አልተከለችውም። ንጣፉን እሷ አልነቀለችውም። ባለ ሞተሩ መንገድ ሲዘጋበት የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ሲጋልብ ቴሳኪቱ ሁልጊዜ እዚያ የለም። ጋሪዎቹ በተነሱበት መንገድ ማታ ሄደን አይተነዋል፤ ሰፊ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ለብቻዋ ከሥራ የምትመለስ ሴት እርምጃዋን ታፈጥናለች። ዱሮ የሚያበራው የሻጯ አምፑል ነበር፣ የሚጠብቀውም ዓይኗ።

ደግሞ መሀል መንገድ ጠፍቶ አይደለም። በቁጥር መወሰን፣ ቦታ ማስመር፣ ሰዓት መመደብ፣ ለዘይቱ ማጥለያ ማስገባት፣ ይህ ሁሉ በዚያው ከተማ ከዱሮ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ተሞክሯል፤ አስተዳደሩ ራሱ ፈቃድ ሰጥቶ መስመር ያሰመረላቸው ቦታዎች ነበሩ፣ ጽዳቱ ሲመጣ የተነሱት እነሱም ጭምር ናቸው። በ2022 ባንኮኮች ከረጅም ጊዜ በኋላ ገዢያቸውን በድምፅ ሲመርጡ ቻድቻርት ሲቲፑንት የሚባለውን 1.38 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ሰጥተው አስቀመጡት። ሰውዬው ወታደር የሾመው አይደለም፣ ያዳምጣል፣ በእግሩ ይዞራል፣ ይወዱታል። በሱም ዘመን ግን መንገድ ላይ የሚሸጠው ሰው ቁጥር መቀነሱ አልቆመም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በወታደሩ ላብ አናድርገው። ንጹሕ መንገድ የሚወድ መራጭም አለ፤ ንጹሕ መንገድ የሚወድ ጎብኚ ደግሞ ከሱ በላይ ነው። በ2018 ብቻ ባንኮክ ያደረ የውጭ ጎብኚ ከ22 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ በዚያ ዓመት ከዓለም ከተሞች አንደኛ። ይህን ያህል ሰው አንድ ነገር ቢወድ ከተማ ይገነባል፣ ቢጠላም ሰፈር ያስፈርሳል።

እናንተ የምትሄዱ ከሆነ፣ ትሄዳላችሁም፣ ሞሉን አትዩ አንልም፤ በሚያዝያ ሙቀት እኛም ገብተን ተቀዝቅዘናል። 500ዋን ባት ሳታጉረመርሙ ክፈሉ። ቁርሳችሁን ሰልፍ ከሌለበት ጋሪ ብሉ፣ አጠገባችሁ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ ልክ ቦታ ነው። ከዚያ በቦዩ ጀልባ ፓን ፋ ድረስ ሂዱና ሣሩን እዩት። ከዚያ ሜዳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ባን ባት የሚባል መንደር አለ፤ መነኮሳት ጠዋት ጠዋት ምጽዋት የሚቀበሉበትን ጎድጓዳ ሳህን ከስምንት ቁራጭ ብረት እየገጣጠሙ በእጅ የሚሠሩበት። የፋብሪካው ዕቃ ገበያውን ወስዶባቸው የቀሩት ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መንገዱ ቀጭን ነው፣ ምልክቱም አይታይም። መዶሻው ከተሰማችሁ አሁንም አሉ ማለት ነው።